አስናቀች ወርቁ እና «የሴት ሙዚቃ» የሚባለው ነገር

ዩቲዩብ ላይ «የሴቶች ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ዝርዝር ሞልቷል። ውስጡ ትዝታውም፣ ጭፈራውም፣ አር ኤንድ ቢውም ተቀላቅሏል። ታዲያ ግጥሟን ራሷ እየፈጠረች የምትዘፍን ሴት የራሷ የሙዚቃ ስልት አላት ማለት ነው? እስቲ የአስናቀች ወርቁን ሕይወት እንይ።

አስናቀች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በዘመኗ በገና የእግዜር፣ ክራር ደግሞ የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። ቴአትር ላይም የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። እሷ ግን ክራሩንም አነሳች፣ መድረኩም ላይ ወጣች። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለዓመታት ተውናለች፣ ዘፍናለች። ክራሯን እየመታች እዚያው ግጥም ስትፈጥር፣ ለነካት ሰው በስንኝ መልስ ስትሰጥ የሚደርስባት አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። አስናቀች የተጫወተችበት ቅኝት የሴት ነው? አይደለም። ትዝታን ካሳ ተሰማም በክራር ተጫውቶታል፤ ያንን ግን ማንም «የወንድ ሙዚቃ» አላለውም። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። አምባሰል እኮ የእኛ የውርጌሳ ጎረቤት ነው! ባቲና አምባሰል በአገር ስም ይጠራሉ እንጂ ቅኝት በፆታ ሲጠራ አልሰማንም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በተከፈለው ዋጋ። ወንዱ ክራር ሲይዝ «አዝማሪ» ተብሎ ይናቃል፤ ሴቷ ስትይዝ ግን ስድቡ ክብሯንም ይነካል። ማሪ አርምዴም ክራር ይዛ በዚያው መንገድ አልፋለች። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው በሴትነታቸው የተጋፈጡት ነገር ነው፤ ድምፃቸውማ የየራሳቸው ነው።

ፈረንጅ አገርም ያው ነው። ካናዳዊቷ ሳራ ማክላክላን በ1997 እ.ኤ.አ. ሊሊት ፌር የሚባል የሴቶች ኮንሰርት የጀመረችው ሬድዮኖች ሁለት ሴት አከታትለው አናጫውትም ማለታቸው አበሳጭቷት ነው። መድረኩ ላይ ግን ሮክም ፎክም ነበር።

በ2003 እ.ኤ.አ. ኢትዮፒክስ የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጹን ሙሉ በሙሉ ለአስናቀች ሰጠ። እሷም መስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች።

እና እኛ የምንለው፦ አስናቀችን «ሴት ዘፋኞች» ከሚለው ሳጥን አውጥተን ከክራር ጌቶች ተርታ እናስቀምጣት። ዛሬ ትዝታዋን ከፍታችሁ ስሙትና እናንተም ፍረዱ።