የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰው እና ያልተጻፈው አንቀጽ

ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከተጠየቅሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በ1990ዎቹ በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ አልፎ በሚገኘው በቢታ ገነት አካባቢ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ዝናቡም ጭቃውም ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቀን በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተጀመረው በ1923 ዓ.ም መሆኑን በሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳስረዳ፣ አንድ ልጅ ተነሣና የከፋ ንጉሥ ያለ ሚክሬቾ ፈቃድ አይወስንም ነበር ብለው አያቱ እንደነገሩት ገልጾ፣ እሱ ታዲያ ሕገ መንግሥት አይደለም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ለፈተና የመጽሐፉን መልስ ጻፍ አልኩትና አስቀመጥኩት። ልጁ ግን ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 እስከተማረኩት እስከ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ድረስ የከፋ ነገሥታት ሚክሬቾ በሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ሥልጣናቸው የተገደበ ነበር። ያልተጻፈ ሕግም ሕግ ነው።

የባሰው የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ያን ዕለት ድረስ አፉን ከፍቶ የማያውቅ፣ ከማንጆ ማኅበረሰብ የተወለደ ተማሪ ነበር። በሚክሬቾ ዘመን የእኛ ሰዎች የት ነበሩ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንጆዎች በከፋ ምድር ለረጅም ዘመን አብረዋቸው የማይበሉ፣ የማይጋቡ፣ ደጃፍ ላይ የሚቆሙ ተደርገው የኖሩ ወገኖች ናቸው። ይህ ልማድ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። ስለ እኩልነት አንቀጽ ሳስተምር እነዚያ ልጆች ለምን ሁልጊዜ ከኋላ እንደሚቀመጡ አልጠየቅሁም ነበር። እኔ ራሴ የአናሳ ስሜት ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው ሳለሁ አለመጠየቄ ነው የሚያስገርመው።

ለዚህ ነው ተመልሼ የተክለ ሐዋርያትን ሕይወት ማንበብ የጀመርኩት። ሕጉን የጻፈው ማን ነው? ምን ጻፈ? ምንስ ተወ?

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም በሸዋ፣ ሰያ ደብር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ሐረር ወደ ራስ መኮንን ዘንድ ሄዱ። ከዓድዋ ድል በኋላም ሊዮንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ ወደ አገሩ ወሰዳቸው። በሩሲያ አድገው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። የዛር መንግሥት እየተንቀጠቀጠ ባለበት ዘመን ነው ወጣትነታቸው ያለፈው። አገር ቤት ሲመለሱ ሹማምንቱ ሕዝቡን የሚገዙበት መንገድ አላስደሰታቸውም። ፋቡላ ወይም የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን ድርሰታቸውን የጻፉትም ይህንኑ በእንስሳት አፍ ለመንቀፍ ነው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሹማምንት የአውሬ ቀልድ አይወዱም፤ በየትም አገር እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሙስሊሞች ከበድ የሚል ገጽ አለ፤ ዘልሎ ማለፍም አይገባም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ሰልመዋል የሚለው ነበር። ተክለ ሐዋርያት ከአውራጆቹ ወገን ነበሩ። አንድ ሰው እስልምናን ተቀብሏል መባሉ ብቻ ዙፋን የሚያሳጣ ወንጀል በሆነበት አገር፣ ከ14 ዓመት በኋላ የዜጎችን መብት የሚዘረዝር ሕግ እንዲያረቅቁ የተመረጡት እኚሁ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ሰውየውን በዚያ ቀን ብቻ መመዘን ፍርድ አይሆንም። ብዙው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቆርቁረዋል፣ የአስተዳደር ሥርዓትም ሞክረዋል። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር መኖርን በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያወቁ ሰው ነበሩ።

በገንዘብ ሚኒስትርነታቸው ዘመን ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ታወጀ። 55 አንቀጾች አሉት። ለተሰበሰቡት መኳንንትም ትርጉሙን ያስረዱት እርሳቸው ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕገ መንግሥት የሚለው ነገር ለብዙዎቹ እንግዳ ስለነበር፣ ያ ንግግር በአገራችን የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ትምህርት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪዎቹ ግን ራሶችና ደጃዝማቾች ነበሩ፤ ገበሬው በዚያ ክፍል አልነበረም።

የሕጉ አርአያ እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓኖችም ከፕሩሲያ የቀዱት ብዙ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የእኛ ምሁራን ጃፓንን ያደንቁ ነበር፤ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ንጉሡን ይዞ፣ ሠልጥኖ፣ ሩሲያን ያሸነፈ። ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ጃፓናይዘር እያሉ ይጠሯቸዋል። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መመሳሰሉን ወዲያው ያያል፦ ንጉሡ የማይደፈር ነው፣ ምክር ቤቱ ሁለት ነው፣ የሕዝቡ መብት በሕግ በተወሰነው መጠን ነው። ያለ ሕግ አለመታሰር፣ ቤት አለመበርበር፣ የደብዳቤ ምስጢር፣ የንብረት ጥበቃ በሁለቱም ውስጥ ይገኛሉ።

ልዩነቱ ግን ያስደነግጣል። በጃፓኑ የታችኛው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ምርጫ ሲገቡ፣ በእኛው የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በሹሞች የሚመረጡ ነበሩ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ የሜይጂ ሕገ መንግሥት በ28ኛው አንቀጽ፣ ጸጥታን እስካልነካና የዜግነትን ግዴታ እስካላፈረሰ ድረስ የሃይማኖትን ነጻነት ፈቅዷል። በእኛው የመብት ምዕራፍ ውስጥ ያ አንቀጽ የለም። ስለ ማስተማር ወይም ስለ መማር መብትም ምንም አልተባለም። ረቂቁ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ እጅ ስላለፈ ጉድለቱን በአንድ ሰው ትከሻ መጫን አይገባም። ቢሆንም አርአያው በፊታቸው ተዘርግቶ እያለ ነው ይህ የታለፈው።

ዘመኑ አልፈቀደም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እኔ አልቀበለውም። በ7ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የመዲናው ሰነድ አይሁዶችን በሃይማኖታቸው እንዲኖሩ አስማምቷል። ነቢያችን ﷺ ከጻፉት ያን ያህል ርቀን ባንሄድ እንኳ፣ የዑስማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ሕገ መንግሥት እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት ሆኖ ሳለ የታወቁት ሌሎች ሃይማኖቶች አምልኮ እንዲከበር ደንግጓል። ጎረቤታችን ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣችው ሕገ መንግሥት የእምነት ነጻነት ፍጹም መሆኑን ጻፈች፤ ለወንዱም ለሴቱም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ግዴታ አደረገች። የእኛው ሕግ ከግብፁ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው የወጣው። እርግጥ ነው፣ የዑስማኒያው ሕግ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በሱልጣን አብዱልሐሚድ ታገደ፤ የግብፁም በተደጋጋሚ ተጥሷል። መጻፍና መተግበር የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ያልተጻፈን መብት አፍ ሞልቶ መጠየቅ ይከብዳል።

ዋጋውን የከፈሉት ተከታዮቹ ትውልዶች ናቸው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ሥርዓትን መፈጸም እንዳይከለከል በአንድ አንቀጽ ከጻፈ በኋላ፣ በሌላው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ። በዚህ ላይ ነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ክርስቲያን ወገኖች፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የወጡት። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወጁት ከዚያ በኋላ፣ ከዘውዱ መውደቅ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፣ በ27ኛው የእምነትን ነጻነት አረጋገጠ፣ በ90ኛው ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ደነገገ።

እዚህ ላይ ከጃፓን ሌላም የምንማረው አለ። የሜይጂ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ካወጀ በዓመቱ ለትምህርት ቤቶች የሰጠው የመብት መጽሐፍ አልነበረም፤ ለንጉሥ ታማኝነትን የሚያስተምር፣ ልጆች በቃላቸው የሚያጠኑት አዋጅ ነበር። ያ ትውልድ አድጎ ወደ ጦርነት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1947 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል ግን የትምህርት ሚኒስቴሩ በዚያው ዓመት ይዘቱን ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሞ አሠራጨ። ሕግ የወጣበትና ልጅ የተማረበት ዓመት አንድ ሆነ ማለት ነው። እኔ ቢታ ገነት ላይ ያስተማርኩት አንቀጽና ቁጥር ነበር። ልጆቹ ግን የጠየቁኝ አንቀጹ ማንን እንዳስገባና ማንን እንደተወ ነበር።

ወደ ተክለ ሐዋርያት ልመለስ። ከወልወል ግጭት በኋላ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ማኅበሩ የራሱን ቃል ኪዳን ሳይጠብቅ ቀረ፤ ሕግ ለደካማው ምን ያህል እንደሚያገለግል ከእርሳቸው በላይ ያየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ጠላት ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው መውጣታቸውን አልደገፉም፤ የደፈጣ ውጊያ ነበር ምክራቸው። እርሳቸውም ተሰደዱ፣ ብዙውን የስደት ዘመናቸውን በማዳጋስካር አሳለፉ። ሲመለሱ ወደ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ወደ ጨርጨር፣ ሂርና ወዳለው እርሻቸው ነው የሄዱት። እዚያም በሙስሊም ገበሬዎች መካከል አረጁ። የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል፤ ጽሑፉ ያለ ይሉኝታ የተጻፈ ነው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ሚያዝያ 12ን በሕይወት ሳሉ ደርሰውበታል። በ1969 ዓ.ም ሲሞቱ የእርሳቸው ሕገ መንግሥት ከተሻረ 20 ዓመት አልፎት ነበር፤ የተተካበትም በደርግ ከታገደ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አገሪቱ በዚያን ጊዜ አንድም ሕገ መንግሥት አልነበራትም።