ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ፦ የገዛ መዝሀባቸውን ማስረጃ የመረመሩ ዓሊም



ቢስሚላህን ሶላት ውስጥ ጮክ ብሎ ስለመቅራት የሚነሳው ክርክር ለግቢያችን አዲስ አይደለም። ሻፊዒዩ ድምፁን ያወጣል፣ ሐነፊው ዝቅ ያደርጋል፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ጭቅጭቁ ይቀጥላል። በቅርቡ እኔም ገባሁበት። ማስረጃው የት ኪታብ ላይ እንዳለ ስጠየቅ ግን ዝም አልኩ፤ መድረሳ ሳለሁ ሰምቼው እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ስለ ኢማም አዝ-ዘይለዒ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

ሙሉ ስማቸው ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ነው። ዛሬ በአዋሽ አርባ በኩል ቁልቁል የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ጅቡቲ ወደብ ይደርሳሉ፤ በዚያ ዘመን ግን የኢፋት ነጋዴ ሸቀጡን የሚያወርደው ከጅቡቲ አለፍ ብላ ወደምትገኘው ዘይላዕ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ አል-ዑመሪ እንደመዘገበው፣ ግብፅና ሻም ውስጥ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ ሀዲያንና ባሌን ጨምሮ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች በጅምላ የዘይላዕ አገር ይባሉ ነበር። ስለዚህ ካይሮ ላይ ዘይለዒ የተባለ ሁሉ የግድ የወደቧ ልጅ አይደለም፤ የእኛው የአዋሽ ዳር ሰውም ሊሆን ይችላል።

ካይሮ ውስጥ ከቀሩባቸው ሸኾች አንዱ የአገራቸው ሰው ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ ነበሩ። እኒህ በ743 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ ትልቅ የሐነፊ ፈቂህ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ዘይለዒዎች የሚያምታታ ሰው አለ፤ እኛ የምናወራው ስለ ተማሪው ነው።

የሐነፊ መዝሀብ ከሚመካባቸው ኪታቦች አንዱ በ593 የሞቱት አል-መርጊናኒ የጻፉት አል-ሂዳያ ነው። ኪታቡ በሐዲስ ይከራከራል፤ ሐዲሱ ከየት እንደመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ጀማሉዲን እያንዳንዱን ሐዲስ ተከትለው ምንጩን ፈለጉ፣ ሰነዱን ዘረዘሩ፣ የራዊዎቹን ደካማና ጠንካራ ለዩ። ውጤቱ ነስቡ-ር-ራያ ነው። ምንጭ ያላገኙለትን ሐዲስ ገሪብ ብለው አለፉት፤ የገዛ መዝሀባቸው ማስረጃ መሆኑ አላስጨነቃቸውም። ከዚያ በላይ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ሐዲሶች በሚል ርዕስ ሌሎቹ መዝሀቦች የሚይዙትን ማስረጃ ራሳቸው ሰብስበው አቀረቡ። ሐነፊ ሆነው ለሻፊዒይ ማስረጃ መልቀም ማለት ነው! እኛ ክርክር ላይ የሌላውን ማስረጃ የምናነሳው ልናፈርሰው ብቻ ነው።

የቢስሚላህ ጉዳይ በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ብዙ ገጽ ወስዷል። ድምዳሜያቸው ዝቅ አድርጎ ወደ መቅራቱ ነው፤ አካሄዳቸው ግን ከድምዳሜው ይልቅ ያስተምራል። የአንድ ሐዲስ መንገድ መብዛቱ ብቻውን ጠንካራ እንደማያደርገው፣ ብዙ መንገድ ኖሮትም ደካማ የሆነ እንዳለ ያስረዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፦ አንድ የተሳሳተ ቁጥር በአሥር ሪፖርት ላይ ቢገለበጥ አሥር ልኬት አይሆንም። (እኔ ራሴ ገልብጬ አውቃለሁ፤ አላህ ይማረኝ።) ሳይንስ የሚያድገው ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ነው፤ እሳቸውም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ብቻቸውንም አልሠሩም። ሻፊዒዩ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ በዚያው ሰሞን የኢሕያእን ሐዲሶች ይመረምሩ ነበር፤ ሁለቱ የሐዲስ ኪታቦችን አብረው እያገላበጡ አንዱ የሌላውን ሥራ ያግዝ ነበር። በመዝሀብ የተለያዩ፣ በኪታብ ግን የተጋሩ።

ኢማሙ በ762 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ላይ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሥራቸውም እንደማይነካ ነገር አልተቀመጠም። የአል-ዒራቂ ተማሪ የነበሩት ሻፊዒዩ ኢብን ሐጀር አድ-ዲራያ ብለው አሳጠሩት፣ እያሳጠሩም መረመሩት። ቀጥሎ ሐነፊው ቃሲም ኢብን ቁጥሉቡጋ ዘይለዒ አጥተው ያለፏቸውን ሐዲሶች ምንጭ እየፈለጉ ሌላ ኪታብ ጻፉ። እሳቸው ገሪብ ብለው ያለፉት አንዳንዱ ሐዲስ ምንጩ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።