ሰር ሮናልድ ሮስ እና የወባ ትንኝ

በምዕራብ ጎጃም ወምበርማ ወረዳ፣ በሽንዲ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ዝናቡ ቆሞ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር የወባ ወቅት ይገባል። በሽታው ለዘመናት ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር ይሳበብ ነበር። የወባ ጥገኛ ተሕዋሲ እ.ኤ.አ. በ1880 ቢታወቅም፣ ወደ ሰው የሚገባበትን መንገድ ያወቀ አልነበረም።

መንገዱን ያገኙት ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ አልሞራ ከተማ ከብሪታንያዊ የጦር መኮንን ተወለዱ። ምኞታቸው ድርሰትና ሙዚቃ ነበር፤ ሕክምና የተማሩት በአባታቸው ግፊት ነው። በ1883 ባንጋሎር ሳሉ ከመኖሪያቸው አጠገብ የነበረው የበርሜል ውኃ ሲደፋ ትንኞች እንደቀነሱ አስተዋሉ።

ከ1895 ጀምሮ ትንኞችን እየቀደዱ በማይክሮስኮፕ ቢመረምሩም፣ ዓይነታቸው ሌላ ስለነበር ልፋቱ ፍሬ አልሰጠም። በመጨረሻ በሴኩንደራባድ ክንፈ ዝንጉርጉር ትንኞችን አሳድገው፣ ሁሴን ኻን የተባለ የወባ ታማሚ በአጎበር ውስጥ እንዲነከስ አደረጉ፤ ጠግባ ለተነሣች ለእያንዳንዷ ትንኝ አንድ አና ከፈሉት። ኦገስት 20 ቀን 1897 ተሕዋሲውን በትንኝ ጨጓራ ግድግዳ ላይ አዩት። ብዙም ሳይቆይ ወባ ብርቅ ወደሆነበት ስፍራ ተዛወሩ፤ ሥራው የቀጠለው በ1898 በካልካታ፣ በወፎች ወባ ላይ ነው። በዚያም ተሕዋሲው ወደ ትንኟ የምራቅ ዕጢ እንደሚደርስ አረጋገጡ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1932 ለንደን ውስጥ ዐረፉ።

ትንኝ ሰውን በጨለማ እንዴት እንደምታገኝ ያብራሩት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። የምትነክሰው እንቁላሏን ለማዳበር ደም የምትሻው ሴቷ ብቻ ናት። ከሩቅ የሚጠራት በእስትንፋስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ስትቀርብ የላብና የቆዳ ሽታ፣ ከአጠገብ ስትደርስ ደግሞ የገላ ሙቀትና እርጥበት ይመሯታል። ሽታ ስባ ያመጣቻት ትንኝ በኬሚካል በተነከረ አጎበር ላይ ስታርፍ ትሞታለች።

በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ደም ትመጣለች፤ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ሁለቱም ሽታ ይጠራታል። ዶሮን ግን ትሸሻለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉትና በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በቤት ውስጥ ከወጥመድ አጠገብ ዶሮ በቀፎ ሲንጠለጠል ወጥመዱ የያዛቸው ትንኞች ቀንሰዋል። ግኝቱ ሌሎች መከላከያዎች እንዲፈለጉ በር ከፈተ እንጂ አጎበርን የሚተካ አይደለም። ትኩሳት የተሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ባለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ማድረግ ይገባዋል።