አክሊሉ ለማ እና ፋብሪካ ያላገኘው እንዶድ

አንድ አዳጊ አገር ኢንዱስትሪዋን የምትገነባው ፋብሪካ ከውጭ ገዝታ በመትከል ብቻ አይደለም። የተፈጥሮ ሀብቷንና የሕዝቧን ዕውቀት መርምረው ለምርት የሚያበቁ የምርምር ተቋማት የግድ ያስፈልጓታል። የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ ይህንን በግልጽ ያስረዳል።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። የበሽታው ተሕዋስያን የሚራቡት በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ በመሆኑ፣ ለዘመናት የድኻው ሳሙና የነበረው ፍሬ የበሽታውን ሰንሰለት ሊበጥስ እንደሚችል ተገነዘቡ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራም በሽታው በሕፃናት ላይ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አለ።

ሆኖም ግኝቱ ከፋብሪካ አልደረሰም። በለንደን የነበረ አንድ ተቋም ፍሬውን የማጣራት ዘዴ በራሱ ስም አስመዘገበ። በአገር ውስጥ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት በቂ ሆኖ ባለመቆጠሩ ምርመራው በበለጸጉት አገሮች እንዲደገም ተጠየቀ፤ ብዙ ዓመታትም ባከኑ። ገበያውን የያዘው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ነበር።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ያጣችው ብልህ አእምሮ አልነበረም። የጎደላት ውጤቱን የሚያረጋግጥ የተሟላ ላቦራቶሪ፣ የሙከራ ማምረቻና የፈጠራ መብትን የሚያስከብር ሕግ ነበር። ሕጉ የወጣው በ1995 ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለው፣ በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ትምህርት ከአድዋ ርቆ ለሚገኘው ለኦሞ ወንዝ ዳርቻም ያገለግላል። በኮልቾ የሚኖሩት የካሮ ሰዎች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። የጊቤ ሦስት ግድብ ከተገነባ ወዲህ የወንዙ ሙላት በመቀነሱ፣ በዚያ እርሻ ላይ የተመሠረተው የዘርና የአፈር ዕውቀት ተተኪ ሳያገኝ የሚጠፋበት አደጋ ተደቅኗል። የአድዋ ሴቶች እንዶድን እንደሚያውቁት ሁሉ፣ የኮልቾ ገበሬም ማሽላውን ያውቃል። በጂንካ የግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲ አሉ። እነዚህ ተቋማት ዕውቀቱን ከባለቤቱ ጋር መዝግበው፣ መርምረውና ለምርት አብቅተው ጥቅሙን ለባለቤቱ ካላስመለሱ፣ የእንዶድ ዕጣ በማሽላውም ይደገማል። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም፤ ምርምር የሚፈጥረው ሥራና የሚያድነው ጤና የሠራተኛውና የየቀበሌው ነዋሪ ነውና፣ ተቋማቱ ምን ሠርተው ለማን እንዳደረሱ መጠየቅ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።