ሳይሰማ ያሰማው ሰው ፦ የሉድቪግ ቫን ቤቶቨን ታሪክ

ለተማሪ ትምህርት የሚሆነው የየትኛው ታላቅ ሰው ታሪክ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙዎቻችን የጦር መሪዎችንና የፈላስፎችን ስም እናነሣለን። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ ልናቀርብ አስበናል። ይኸውም ሉድቪግ ቫን ቤቶቨን ነው። ስሙን ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው፤ መስማት ተስኖት እንደ ነበረም አብዛኞቻችን እናውቃለን። ነገር ግን ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረው፥ ምን ምን ምልክት እንዳሳየው፥ ለምንስ ከሰው እንደ ደበቀው የምናውቅ ብዙ አይደለንም። የጽሑፋችን ዋና ዓላማ ይኸንኑ ማስረዳት ነው፤ በእርሱ ላይ የደረሰው ነገር ዛሬም ከመካከላችን በማናቸውም ላይ ሊደርስ ይችላልና። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቤቶቨን የተወለደው በጀርመን አገር፥ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦን ከተማ ነው። ክርስትና የተነሣው ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ነበር። አያቱ በቦን ቤተ መንግሥት የሙዚቀኞች አለቃ፥ አባቱም በዚያው ዘፋኝ ነበሩ። አባቱ ልጁን እንደ ሞዛርት በሕፃንነቱ ዝነኛ ሊያደርገው ስለ ፈለገ በጭካኔ ያስተምረው ነበር፤ ገና በሰባት ዓመቱ፥ በ1778፥ በኮሎኝ ከተማ በሕዝብ ፊት አቅርቦ አጫወተው። ኋላ ግን አባትየው ለመጠጥ ተገዛ። እናቱም በ1787 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ስለዚህ ቤቶቨን ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ አሳዳሪ ሆነ። በ1789 የአባቱ ደመወዝ እኩሌታ ለእርሱ እንዲሰጥ ለቤተ መንግሥቱ አመልክቶ ተፈቀደለት። ይህን የምናነሣው ከልጅነቱ ጀምሮ ሸክምን ብቻውን መሸከም የለመደ ሰው እንደ ነበረ ለማመልከት ነው። ይህ ልማዱ ኋላ ጠቀመውም፥ ጎዳውም።

በኖቬምበር 1792 ወደ ቪየና ሄደና ከታላቁ ሙዚቀኛ ከሃይድን ዘንድ ተማረ። በዚያን ጊዜ ቪየና የሙዚቃ መዲና ነበረች። ቤቶቨን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመኳንንቱ ቤት ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። በተለይም ያደነቁት፥ የቅኔ ሊቅ በጉባኤ መካከል ቆሞ ቅኔ እንደሚዘርፍ፥ እርሱም በፒያኖ ፊት ተቀምጦ አስቀድሞ ያላዘጋጀውን ዜማ እዚያው እያመነጨ ሲጫወት ነበር። በ1800 የመጀመሪያውን ሲምፎኒ ለሕዝብ አሰማ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም፤ ዝናና ገንዘብ እየመጣለት፥ በሩም ሁሉ እየተከፈተለት ነበር። ጆሮው መድከም የጀመረው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ፥ በ1798 ገደማ ነው።

ይህን ምስጢር ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው በ1801 በጋ ላይ ለሁለት ወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። አንደኛው በቦን የሚኖረው ሐኪሙ ቬገለር፥ ሁለተኛው አመንዳ የተባለው ወዳጁ ነበር። ለሁለቱም ነገሩን ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ብሏቸዋል። በደብዳቤው የዘረዘራቸው ምልክቶች ዛሬ ለሕክምና ተማሪ እንደ ትምህርት ሊቀርቡ የሚችሉ ናቸው። ጆሮው ሌሊትና ቀን ጭው ይላል። በቲያትር ቤት የተዋናዩን ቃል ለመለየት ከሙዚቀኞቹ አጠገብ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ራቅ ካለ የመሣሪያዎቹንና የዘፋኞቹን ቀጭን ድምፅ አይሰማም። ሰው ዝግ ብሎ ሲያነጋግረው ድምፁ ይሰማዋል፥ ቃሉ ግን አይለይለትም፤ ሲጮኹበት ደግሞ ሊታገሠው አይችልም። በጨዋታ መካከል ሳይመልስ ሲቀር ሰዎች በሐሳብ ስለ ተወሰደ ይመስላቸው ነበር። እርሱም እንዲመስላቸው ተዋቸው፤ ሁለት ዓመት ያህልም ከማኅበር ሸሸ።

እነዚህ ምልክቶች ምን እንደሚያመለክቱ ለመረዳት ስለ ጆሮ አሠራር ጥቂት እንበል። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ያንቀጠቅጠዋል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እንቅስቃሴውን ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። በዚያም የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ፥ ፈሳሽ የሞላበት ጠምዛዛ ክፍል አለ። በውስጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሳይ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ የፈሳሹን ማዕበል ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነዚህ ናቸው። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት በክፍሉ መግቢያ ላይ፥ ወፍራሙን የሚቀበሉት በጫፉ ላይ ይገኛሉ። በሰው ዘንድ እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ስለዚህ የመስማት ድካም በሁለት ወገን ይከፈላል። የመጀመሪያው ድምፁ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ሲዘጋ ነው፤ የጆሮ ኩክ ሲደርቅ፥ ጆሮ ሲመግል፥ ታምቡር ሲቀደድ ወይም ትንንሾቹ አጥንቶች ሲጣበቁ ይህ ይሆናል። ከዚህ ብዙው በሕክምና ይድናል። ሁለተኛው ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ሲጎዳ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በቤቶቨን ላይ የታየው ይህን ሁለተኛውን የሚመስል ነው። ቀጭን ድምፅ አስቀድሞ መጥፋቱ፥ ጆሮ ጭው ማለቱ፥ ድምፅ እየተሰማ ቃል አለመለየቱ የዚሁ ዓይነተኛ ምልክቶች ናቸው። በቋንቋችን ብናስበው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እንደ ሰ፥ ፈ እና ሸ ያሉት ድምፆች ቀጭንና ደካማ ስለ ሆኑ አስቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለው በሽተኛ አንድ ሰው ሲናገር በሚገባ ይሰማል፤ ነገር ግን ሠራ ይበል ወይም ፈራ ይበል አያውቅም። ስለዚህም መስማት እንደ ተሳነው ለራሱም አይታወቀውም፤ ሰዎቹ ያንሾካሾኩ ወይም ቃል የዋጡ ይመስለዋል። ጩኸት የሚያስመርረው ደግሞ የተጎዳ ጆሮ ትንሹን ድምፅ ሳይቀበል ቆይቶ፥ ትልቁን በሙሉ ኃይሉ ስለሚቀበለው ነው።

ቤቶቨን ከሐኪም ወደ ሐኪም ተንከራተተ። አንዱ የለውዝ ዘይት በጆሮው አስጨመረው፥ ሌላው በዳንዩብ ወንዝ ውኃ አስጠመቀው፥ ሌላው ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥል የዛፍ ልጥ በክንዱ ላይ አሰረለት። አንዱም አልጠቀመውም። በ1802 ሐኪሙ ጆሮውን እንዲያሳርፍ ከከተማ ውጭ ሃይሊገንሽታት ወደምትባል መንደር ላከው። በዚያም አብሮት የነበረ ሰው ከሩቅ የዋሽንት ድምፅ ሲሰማ፥ እረኛም ሲዘፍን ሲያዳምጥ፥ እርሱ ግን ምንም አልሰማም። ይህ ልቡን ሰበረው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ለወንድሞቹ ረዥም ደብዳቤ ጻፈ። ሰዎች ኩሩና ሰው ጠል አድርገው እንደሚቆጥሩት፥ ምክንያቱ ግን ጆሮው መሆኑን፥ ከሌሎች ሁሉ ይልቅ በእርሱ ፍጹም ሊሆን የሚገባው የስሜት ሕዋስ መድከሙን መናገር እንዳሳፈረው ገለጸ። ነፍሱን ሊያጠፋ ምንም እንዳልቀረውና የያዘው ጥበቡ ብቻ እንደ ሆነም ጻፈ። ደብዳቤውን ግን አልላከውም፤ ከሞተ በኋላ በ1827 ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በሣጥኑ ውስጥ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ከሠራው በለጠ። ሦስተኛውን ሲምፎኒ ወዲያው ጀመረ። ዲሴምበር 22 ቀን 1808 አምስተኛውንና ስድስተኛውን በአንድ ምሽት አሰማ። በ1809 የናፖሊዮን ጦር ቪየናን በመድፍ ሲደበድብ በወንድሙ ምድር ቤት ገብቶ የተረፈውን መስሚያውን ለማዳን ጆሮውን በትራስ ሸፍኖ ነበር። ሜልትሰል የተባለው ብልኅ ሠሪ የመለከት ቅርጽ ያለው የጆሮ ማዳመጫ አበጀለት። በ1814 ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር በሕዝብ ፊት ፒያኖ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተ፤ ዝግ ያለውን ዜማ ጣቱ ነክቶት ድምፅ ሳይወጣ፥ ብርቱውን ደግሞ ክሩ እስኪንጫጫ ይመታው እንደ ነበር ያዩት መስክረዋል። ከ1818 ጀምሮ ጠያቂዎቹ ሐሳባቸውን በደብተር እየጻፉ ያሳዩት ጀመር፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ በአፉ ይመልስ ነበር። ከእነዚህ ደብተሮች ከ130 የሚበልጡ እስከ ዛሬ ይገኛሉ።

ሰው ሳይሰማ እንዴት ሙዚቃ ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። የተማረ ሰው ድምፅ ሳያወጣ መጽሐፍ ቢያነብ ቃሉ በውስጡ እንደሚሰማው፥ ቤቶቨንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሠለጠነበት ዜማ በአእምሮው ይሰማው ነበር። የጎደለው ጆሮው እንጂ አእምሮው አልነበረም። ሜይ 7 ቀን 1824 ዘጠነኛው ሲምፎኒ በቪየና ሲቀርብ እርሱ ከመድረኩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ግን የሚከተሉት ኡምላውፍ የተባለውን መሪ ነበር። ሕዝቡ በጭብጨባ ሲናወጥ ቤቶቨን ጀርባውን እንደ ሰጠ ቀረ፤ ካሮሊን ኡንገር የተባለችው ወጣት ዘፋኝ ወደ ሕዝቡ እንዳዞረችውና በዚያን ጊዜ ብቻ እንዳየው ይነገራል።

በማርች 26 ቀን 1827 በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑ ሲመረመር የመስሚያ ነርቮቹ ተጨማድደው፥ ጉበቱም ወደ እኩሌታ ተኰማትሮ ተገኘ። የጆሮው ሕመም ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። በ2023 ተመራማሪዎች ከፀጉሩ የዘር ምልክቱን አንብበው፥ ለጉበት በሽታ የሚያጋልጥ ውርስ እንደ ነበረውና በጉበት ቫይረስ ተይዞ እንደ ነበር አወቁ፤ ለጆሮው ግን ግልጽ የሆነ የዘር ምክንያት አላገኙም። በ2024 ደግሞ በፀጉሩ ውስጥ ከልክ በጣም የበለጠ እርሳስ ተገኘ። እርሳስ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በዚያ ዘመን ርካሽ የወይን ጠጅ ለማጣፈጥ ይጨመር ነበር። ይህ ለመስማቱ ድካም አስተዋጽኦ አድርጎ ይሆናል፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ብሎ ግን ማንም አልቈረጠም።

ዛሬ በእኛ ዘመን የታወቁት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በሕፃንነት የሚይዙ ኩፍኝ፥ ጆሮ ደግፍና ማጅራት ገትር ውስጠኛውን ጆሮ ሊያጠፉ ይችላሉ። ችላ የተባለ የጆሮ መምገል ታምቡርን ይበሳል። እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በሽታን ሲያድኑ አንዳንድ ጊዜ ጆሮን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። በክብሪት እንጨት ጆሮ መጎርጎርም የራሱን ጉዳት ያመጣል። እርጅናና ውርስም አሉበት። ለተማሪ ግን ዋናው ጩኸት ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅን በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መስማት አይገባም ይላሉ፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የሚፈቀደው ጊዜ በእኩሌታ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች እርዳታ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር እንዳለባቸው፥ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶችም ድምፅን ከልክ በላይ በማዳመጥ ለአደጋ እንደ ተጋለጡ አስታውቋል። ቤቶቨን በትራስ ሊያድነው የታገለውን ጆሮ እኛ በማዳመጫ ሽቦ በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቤቶቨን ሕመሙን የደበቀው ሞኝ ስለ ነበረ አይደለም፤ ቢታወቅ እንጀራውንና ክብሩን እንደሚያጣ ስለ ፈራ ነው። ይህ ፍርሃት በእኛ ዘንድ ከዚያ የባሰ ነው፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። መስማት የተሳነውንም፥ ዕውቀት የሌለውንም በአንድ ቃል ደንቆሮ ብለን እንጠራለን። እንዲህ ብሎ በሚጠራው ጓደኛ መካከል ተቀምጦ ጆሮዬ ደክሟል የሚል ተማሪ ማን ነው? ስለዚህ አንዱ ሳይሰማ ራሱን ይነቀንቃል፥ ሌሎቹ ሲሥቁ አብሮ ይሥቃል፥ አስተማሪው ሲጠይቀው ዝም ይላል፥ በፈተናም ሲወድቅ ሰነፍ ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን እንዲደብቅ ያስገደደው ማን እንደ ሆነ ተረቱ አይነግረንም።

እንግዲህ ጓደኛችን አንድ ነገር ደጋግሞ ምን አልክ የሚል፥ የተናጋሪውን አፍ ትኩር ብሎ የሚያይ፥ ሬዲዮኑን ከሌላው ይልቅ የሚያስጮኽ፥ በጫጫታ መካከል ጨዋታ የሚጠፋበት ወይም ጆሮዬን ጭው ይለኛል የሚል ሲሆን፥ ኩሩ ወይም ዝንጉ ነው ብለን አንፍረድ። ፊት ለፊት ቦታ እንልቀቅለት፥ ማስታወሻችንን እናውሰው፥ ሳንጮኽ ቀስ ብለን ፊቱን እያየን እናነጋግረው፥ ወደ ሐኪምም አብረነው እንሂድ። በድንገት መስማት ያቆመ ሰው ከሆነ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ቶሎ የታከመ የመዳን ዕድል አለው።

የቤቶቨን ወዳጆች ምስጢሩን ጠብቀውለታል፤ ሐኪሞቹም በዘመናቸው የሚያውቁትን ሁሉ ሞክረውለታል። ከእነርሱ ይልቅ እኛ ብዙ እናውቃለን፤ ማዳንም ባይቻል መርዳት የሚቻልበት መንገድ አለን። ባጠገባችን ያለው ሰው ሃያ አምስት ዓመት በሣጥን የሚደበቅ ደብዳቤ እንዳይጽፍ ማድረግ የእኛ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።