ቄስ ዮሐንስን ፍለጋ የመጣው ፔሮ

ስፔኖች ኤልዶራዶ የሚባል የወርቅ አገር አለ ሲባል ሰምተው ደቡብ አሜሪካን ሲያስሱ ኖረዋል። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ደግሞ እንደዚሁ በወሬ ወደ አገራችን የመጣውን የፔሮ ደ ኮቪልሃምን ታሪክ ነው።

ፔሮ የተወለደው ፖርቱጋል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ቄስ ዮሐንስ የሚባል በጣም ሀብታም ክርስቲያን ንጉሥ አለ እየተባለ ይወራ ነበር። ስለዚህ የፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 እ.ኤ.አ. ፔሮንና አፎንሶ ደ ፓይቫን ይህን ንጉሥ እንዲፈልጉና የቅመም ንግድ መንገድ እንዲያጠኑ ላኳቸው። ፔሮ ዐረብኛ ስለሚችል ነጋዴ መስሎ ሕንድ ድረስ ሄደ። ካይሮ ሲመለስ ግን ጓደኛው መሞቱን ሰማ። ያየውን ሁሉ ጽፎ ለንጉሡ ላከና ጉዞውን ቀጠለ።

ኢትዮጵያ ሲደርስ አፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፤ ወደ አገሩ ሊመልሱትም ቃል ገቡለት። ግን ምን ያደርጋል፣ በ1494 ሞቱ። ከዚያ በኋላ አፄ ናዖድም አፄ ልብነ ድንግልም እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። ፖርቱጋል ግን ሌላ ሚስት ትቶ ነበር የመጣው!

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ ፔሮ የአገሩን ሰዎች አይቶ በደስታ አለቀሰ። አስተርጓሚም ሆነላቸው። እነሱ በ1526 ሲመለሱ እሱ እዚሁ ቀረ።

ቄስ ዮሐንስ የሚባል ንጉሥ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። እኔን ያሳዘነኝ ፔሮ በሰው ወሬ ወጥቶ ቤቱን ሳያይ መቅረቱ ነው። ስፔኖች ወሬ ሰምተው የሰው አገር ያዙ፤ ፔሮን ግን የሰው አገር ያዘው።