አፄ ምኒልክ፦ ብዙም የማናወራቸው ዓመታት

እኛ አምቡሊ ያለን ሰዎች አፄ ምኒልክን ስናነሣ ከአድዋ ቀጥሎ የሚታወሰን ባቡሩ ነው፤ ከመካከላችን የብዙዎቹ አያቶች ወደ ጅቡቲ የመጡበት ሐዲድ ነውና። ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ ሲገባ ግን እሳቸው አልነበሩም።

የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። ልጅ ሳሉ በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው ኖሩ፤ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 አድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን ተማሪዎቻችን በቃላቸው ያውቁታል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው አሠራሩን ሳይጠይቁ የማያልፉ፣ ንቁ ሰው ነበሩ። የኋለኛው ዘመናቸው የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሮክ ደጋግሞ መታቸው። በ1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 የልጃቸውን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሽ አደረጉ። በ1902 መጀመሪያ የመጣው ምት ግን ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ያዘው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የደም ኮሌስትሮል የሚለካ አልነበረም። ዛሬ የምናውቀው ይህን ነው፦ ኮሌስትሮል ጠላት ብቻ አይደለም። በሰውነታችን ካለው አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚገኘው አንጎል ውስጥ ነው፤ አንጎልም የሚያስፈልገውን ራሱ ይሠራል። ችግሩ በደም ውስጥ ሲበዛ ነው። ወደ ደም ሥር ግድግዳ ሲገባ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሊያጸዱት ይመጣሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ውጠው እዚያው ይቀራሉ፤ ግድግዳው ይቆጣል፣ መተላለፊያውም ይጠባል። የደም ግፊት ሲጨመርበት ደም ሥር የመዘጋቱ አደጋ ይብሳል፤ ግፊቱ ብቻውንም ደም ሥር ሊያፈነዳ ይችላል። አንጎል ውስጥም እንደ ዘበኛ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። ቆሻሻውን ጠርገው ማረፍ ሲገባቸው ካላረፉ፣ ጤነኛውን ሴል ይጎዳሉ። ስትሮክ በተደጋገመ ቁጥር ማስታወስና ማመዛዘን እየደከሙ ሊሄዱ ይችላሉ። በየቤታችን እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፈው፣ አባት ሒሳብ ሲጠፋበት እንግዳ እንዳያይ የሚሸፈነው፣ አንዳንዴ ይኸው ነው።

ቤተ መንግሥቱም ሸፈነው። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ይሾሙ ይሽሩ ጀመር። እኔ በእቴጌይቱ ለመፍረድ ይከብደኛል፤ ሕመምተኛም መንግሥትም በአንድ ጊዜ ማስታመም ቀላል አይደለም። መኳንንቱ ግን በመጋቢት 1902 ከሥልጣን አራቋቸው፤ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አዘዟቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደውም በ1903 ሞቱ። ምኒልክ በሕይወት ነበሩ፤ ትእዛዝ የሚሰጡት ግን ሌሎች ነበሩ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ በዐዋጅ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም ለዓመታት በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆይቶ፣ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።